የሠርጉ ሲዲ አልሞተም፦ ሊኑክስ ላይ ቪዲዮ ማጫወቻ ማዘጋጀትና ብልሽቱን መለየት

ከዳውንታውን ኦክላንድ በቴሌግራፍ ጎዳና ወደ ሰሜን ስትወጡ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ታገኛላችሁ። ዩቲዩብ ሁሉን ከመውረሱ በፊት እንዲህ ካሉ ሱቆች ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የአማርኛ ፊልምና ዘፈን በቪሲዲና በዲቪዲ ይገዛ ነበር። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣም አለ፦ የእህት ሠርግ፣ የልጅ ክርስትና፣ የአያት ተዝካር። እነዚህ ዲስኮች ዛሬም በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሱቅ የተገዛው ፊልም ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ የሠርጉ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም።

አንድ ቀን አውጥታችሁ ስትሞክሩት ታዲያ የሳሎኑ ማጫወቻ አልቀበልም ይላል፤ ላፕቶፑም የስህተት መልእክት ያወጣል። ያኔ «ተበላሽቷል» ይባልና ዲስኩ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከእነዚህ ዲስኮች ብዙዎቹ ግን አልሞቱም። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕና የዲስክ ማንበቢያ ካላችሁ ልታድኗቸው ትችላላችሁ። ማወቅ ያለባችሁ ዋና ነገር ይህ ነው፦ ቪዲዮ አልጫወት ሲል ሁሉም ነገር አልተበላሸም፤ ከደረጃዎቹ አንዱ ላይ ነው የቆመው። የትኛው እንደሆነ ከለያችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አምስቱ ደረጃዎች

አንድ ቪዲዮ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ አምስት ነገሮች በተራ መሥራት አለባቸው።

1. ምንጩ፦ ዲስኩ ወይም ፋይሉ መነበብ አለበት።
2. መያዣው፦ ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የምንላቸው መያዣዎች ናቸው።
3. ኮዴኩ፦ በመያዣው ውስጥ ምስሉና ድምፁ የታመቁበት መንገድ ነው። ኤች 264፣ ኤችኢቪሲ፣ ኤምፔግ-2 የሚባሉት ኮዴኮች ናቸው።
4. መውጫው፦ ምስሉ በግራፊክስ ካርዱ ወደ ስክሪን፣ ድምፁ ወደ ስፒከር ይሄዳል።
5. ጽሑፉ፦ ሰብታይትል ካለ ፊደሉ በትክክል መታየት አለበት።

ጀማሪን በብዛት የሚያደናግሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። መያዣውን እንደ ሌማት ቁጠሩት፤ ውስጡ ያለው እንጀራ የጤፍ ይሁን የገብስ ክዳኑን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒ4 ተብለው አንዱ ተጫውቶ ሌላው እምቢ የሚለው ስለዚህ ነው። የፋይሉን የስም መጨረሻ መቀየርም ሌማቱን ቀለም መቀባት ማለት ነው፤ እንጀራውን አይለውጠውም።

ማጫወቻዎቹን መጫን

ሁለት ማጫወቻ ጫኑ፦ ቪኤልሲ እና ኤምፒቪ። ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 የፓሪስ ኤኮል ሴንትራል ተማሪዎች በግቢያቸው ኔትወርክ ቪዲዮ ለማሰራጨት የጀመሩት ፕሮጀክት ነው፤ በ2001 በነፃ የሶፍትዌር ፈቃድ ተለቀቀ። ኤምፒቪ ደግሞ ከቀድሞው ኤምፕሌየር የተገኘ ሲሆን ቁልፍና ሜኑ የማያበዛ ቀላል ማጫወቻ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ትእዛዞች በንባባቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን ወይም ሚንት ካላችሁ ትእዛዙ ይህ ነው፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ ኤምፒቪ

«ሱዶ» ማለት ይህን ትእዛዝ በአስተዳዳሪው ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው። ኦክላንድ ውስጥ ስሙን ከዚህ ትእዛዝ የወሰደ የሃከሮች መሰብሰቢያም አለ፤ ሱዶ ሩም ይባላል፤ በዳውንታውን ተጀምሮ በኋላ ሻተክ ጎዳና ላይ ወዳለው ኦምኒ ኮመንስ ተዛወረ።

ፌዶራ አንዳንድ ኮዴኮችን በፓተንት ምክንያት ከራሱ ማከማቻ አያቀርብም። ስለዚህ ፌዶራ የምትጠቀሙ አርፒኤም ፊውዥን የተባለውን ማከማቻ ጨምሩ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ አብሮ የመጣውን ማጫወቻ መጠቀም ከፈለጋችሁ «ኡቡንቱ-ሪስትሪክትድ-ኤክስትራስ» የሚባለውን ጥቅል መጫን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያ ማጫወቻ ኮዴኩን የሚወስደው ጂስትሪመር ከተባለ ሌላ ስብስብ ነው። ቪኤልሲና ኤምፒቪ ግን ባብዛኛው የሚጠቀሙት ኤፍኤፍምፔግን ነው።

ሁለት ማጫወቻ መጫኑ ለምርጫ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሌላው መፈተኛ ነው። አንድ ፋይል በአንዱ ተጫውቶ በሌላው እምቢ ካለ ፋይሉ ደህና ነው፤ ችግሩ የማጫወቻው ሴቲንግ ወይም መውጫው ላይ ነው። በሁለቱም በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ጥርጣሬያችሁን ወደ ፋይሉ ወይም ወደ ዲስኩ አዙሩ።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

በመጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ቪኤልሲን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ስትጫኑ የኮዴኩ መረጃ ይመጣል። የምስሉን ኮዴክ፣ ስፋቱንና በሰከንድ ስንት ፍሬም እንዳለው ይነግራችኋል።

ኤችኢቪሲ የሚል ካገኛችሁና ምስሉ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ላፕቶፑ ደክሟል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ብዙ አይፎኖች ቪዲዮ የሚቀርጹት በዚህ ኮዴክ ነው። ፋይሉን በትንሽ ቦታ ያስቀምጣል፤ ለመፍታት ግን ከኤች 264 የበለጠ ስሌት ይጠይቃል። አዲስ ኮምፒዩተር ይህን ስሌት ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጠዋል፤ አሮጌው ግን በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይጭነዋል። መፍትሔው ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን ወደ ኤች 264 መለወጥ ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ቪኤልሲ ላይ ከ«ቱልስ» ወደ «ፕሪፈረንስስ» ግቡ፤ በ«ኢንፑት/ኮዴክስ» ሥር በሃርድዌር መፍታትን የሚመለከተውን ምርጫ ዝጉትና ማጫወቻውን እንደገና ክፈቱ። ምስሉ ከመጣ ኮዴኩም ፋይሉም ደህና ናቸው፤ ያስቸገራችሁ ድራይቨሩ ነው። ካልመጣ በዚያው ገጽ «ቪዲዮ» በሚለው ሥር መውጫውን ለውጣችሁ ሞክሩ።

ምስል ኖሮ ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ። ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ሊዞር ወይም ላፕቶፑ ላይ ሊቀር ይችላል። በሲስተሙ የድምፅ ሴቲንግ ትክክለኛውን መውጫ ምረጡ።

ማጫወቻው በስናፕ ወይም በፍላትፓክ የተጫነ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። እነዚህ መንገዶች ፕሮግራሙን አጥር ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ የዩኤስቢ ዲስኩን፣ የሲዲ ማንበቢያውን ወይም አንዳንድ ፎልደሮችን እንዳያይ ሊከለከል ይችላል። ፋይሉን ወደ ቪዲዮዎች ፎልደራችሁ ገልብጣችሁ ሲጫወት ካያችሁ የጎደለው ፈቃድ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ዲስክ

አሁን ወደ መሳቢያው እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሠራበት ሥርዓት ፓል ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲን ትጠቀም ነበር። ፓል በሰከንድ 25 ፍሬምና 576 የምስል መስመር አለው፤ ኤንቲኤስሲ 29.97 ፍሬምና 480 መስመር። ቦሌ ወይም ፒያሳ ተቀርጾ በፓል የተቃጠለ ዲቪዲ አሜሪካ የተገዛ የሳሎን ማጫወቻ ላይ እምቢ ቢል ዲስኩ ጥፋት የለበትም። ኮምፒዩተር ግን ቴሌቪዥን አይደለም፤ ቪኤልሲ ሁለቱንም ሳይለይ ያጫውታል።

ከዚህ ሌላ የክልል ኮድ አለ። በዲቪዲ ክፍፍል አሜሪካ ክልል 1 ስትሆን ኢትዮጵያ ክልል 5 ናት። ይህ ገደብ የሚያሳስበው በፋብሪካ የታተሙ ፊልሞች ላይ ነው። የኮምፒዩተሩ የዲቪዲ ማንበቢያ ክልሉን እንድትቀይሩ የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቀይር ሲላችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። የሠርግ ዲቪዲ ግን ብዙውን ጊዜ ቪዲዮ አንሺው በራሱ ኮምፒዩተር ያቃጠለው ስለሆነ የክልል ገደብም የምስጢር ቁልፍም የለውም። ስለዚህ የተቆለፉ ዲቪዲዎችን የሚፈታውን ላይብረሪ ፍለጋ አትሂዱ። ለሠርጉ ዲስክ አያስፈልግም፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ቁልፍ መስበርን ይገድባል።

ቪሲዲ ለብቻው መታየት አለበት፤ በስህተት በብዛት የሚጣለው እሱ ነውና። ዲስኩን ስትከፍቱ «ኤምፔግኤቪ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም ትልልቅ «ዳት» ፋይሎች ታያላችሁ። ወደ ላፕቶፑ ልገልብጥ ስትሉ የንባብ ስህተት ይመጣል። ጭረት የሌለበት ንጹሕ ዲስክም ይህን ሊያደርግ ይችላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ተራ የዳታ ሲዲ በእያንዳንዱ ሴክተር 2048 ባይት ዳታ ይይዛል፤ የቀረው ቦታ ስህተት ማረሚያ ነው። ቪሲዲ ግን ብዙ ቪዲዮ ለማስገባት ከማረሚያው ቦታ ወስዶ ሴክተሩን 2324 ባይት አድርጎታል። ፋይል ገልባጩ 2048 ጠብቆ ሲያነብ አይገጥምለትም፤ ስለዚህ ዲስኩ ተበላሽቷል ይላችኋል።

መፍትሔው በፋይል ገልባጩ አለመሄድ ነው። ቪኤልሲ ላይ «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ «ኦፕን ዲስክ» በሉና ቪሲዲ የሚለውን ምረጡ። ከተጫወተ ዲስኩ በሕይወት አለ። ወደ ፋይል ለማውጣት «ቪሲዲኢሜጀር» የሚለውን ጥቅል ጫኑ፤ አብሮት የሚመጣው «ቪሲዲኤክስሪፕ» የተባለ መሣሪያ ቪዲዮውን ሴክተር በሴክተር አንብቦ ተራ የኤምፔግ ፋይል ያደርግላችኋል። ምስሉ ትንሽ ነው፤ የፓል ቪሲዲ 352 በ288 ብቻ ነው። ያ የዲስኩ ተፈጥሮ እንጂ የገለበጣችሁበት መንገድ ጉድለት አይደለም።

ለዲቪዲ ደግሞ «ዲዲሬስኪው» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የጥቅሉ ስም «ጂዲዲሬስኪው» ነው። ይህ መሣሪያ የተጎዳ ቦታ ላይ ሲደርስ ተጣብቆ አይቀርም። ደህና የሆነውን ሁሉ በመጀመሪያ ይገለብጥና ወደ ተጎዳው በኋላ ይመለሳል። የደረሰበትን በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ ዛሬ አቋርጣችሁ ነገ ትቀጥላላችሁ፤ ከተቻለም በሌላ ማንበቢያ ትሞክራላችሁ። ውጤቱ አንድ የአይኤስኦ ፋይል ነው፤ ቪኤልሲ እንደ ዲስክ ይከፍተዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሙሽሮቹ ቆመው ሳሉ ምስሉ ጥሩ ሆኖ እስክስታ ሲጀመር ትከሻው ዙሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ከመጣ አትደንግጡ። የድሮ የቪዲዮ ካሜራ እያንዳንዱን ፍሬም ጎዶሎና ሙሉ መስመሮች ብሎ ለሁለት ከፍሎ በተራ ነበር የሚቀርጸው። በሁለቱ መካከል ትከሻው ስለሚንቀሳቀስ ጥርሱ ይታያል። በቪኤልሲም በኤምፒቪም የዲ ቁልፍን ስትጫኑ ሁለቱን ግማሾች የሚያስማማው ማጣሪያ ይበራል።

ፊደሉ ሲጠፋ

እዚህ ተወልደው አማርኛ መስማት እንጂ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች የአያታቸውን ንግግር ለመከተል ሰብታይትል ይጠቅማቸዋል፤ ፊደል ለሚማሩትም የአማርኛው ሰብታይትል ጥሩ መለማመጃ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ሰብታይትል ስትጭኑ ፊደሉ ላይታይ ይችላል። የሚታየው ምልክት ራሱ በሽታውን ይናገራል።

ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ነው። ማጫወቻው ፊደሉን አውቆታል፤ የሚስልበት ፎንት ግን አላገኘም። «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚለውን ጥቅል ጫኑ፤ አቢሲኒካ ሲል የተባለውን ፎንት ያመጣል። «ፎንትስ-ኖቶ-ኮር» የሚለውም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዟል። ማጫወቻውን ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም ሳጥን ከሆነ በቪኤልሲ የሰብታይትል ሴቲንግ ውስጥ ፎንቱን በስሙ ምረጡት።

በአማርኛው ቦታ የተዝረከረኩ ምልክቶች ከታዩ፣ በተለይ ላዩ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ደጋግሞ ከመጣ፣ ችግሩ የኢንኮዲንግ ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ማጫወቻው ፋይሉን በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ካነበበው ሦስቱን ባይት ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ያደርጋቸዋል። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያ ኤ በየሦስቱ ይመለሳል። በቪኤልሲ ሴቲንግ የሰብታይትሉን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ፊደሉ ይመለሳል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ክፈቱት። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ጠፍቷል። አንድ ሰው ፋይሉን ዩኒኮድ በማይችል ኢንኮዲንግ ሴቭ አድርጎታል፤ ፊደሉ በዚያች ሰዓት ነው የሞተው። ማንኛውም ሴቲንግ አይመልሰውም፤ ዋናውን ፋይል ፈልጉ።

ሰብታይትሉ ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የሰብታይትሉና የቪዲዮው ስም አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ ፎልደር መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛው የእኛው የራሳችን ችግር ነው፦ በኤስአርቲ ፋይል ውስጥ ሰዓቱ የሚጻፈው በላቲኑ ሁለት ነጥብና ኮማ ነው። በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች ግን እነዚያን ቁልፎች ስትጫኑ የሚወጣው የእኛው «፡» እና «፣» ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለማጫወቻው ግን ሰዓት አይደሉም፤ መስመሩን ዘሎት ያልፋል። አማርኛ ሰብታይትል የሚጽፍ ሁሉ ሰዓቱን ሲሞላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ።

ጽሑፉ ኖሮ ከንግግሩ ጋር ካልሄደ ልዩነቱን ለኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን የዘገየ ከሆነ በቪኤልሲ የጂና የኤች ቁልፎች ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን የፍሬም ልዩነት ነው። በሰከንድ 23.976 ፍሬም ላለው ቅጂ የተዘጋጀ ሰብታይትል በ25 ፍሬም በሚሄደው የፓል ቅጂ ላይ ሲጫን ከ100 ደቂቃ በኋላ ወደ አራት ደቂቃ ያህል ይራራቃል። በ«ቱልስ» ሥር ካለው የማመሳሰያ መስኮት የሰብታይትሉን ፍጥነት አስተካክሉ።

እርዳታ ስትጠይቁ

«ቪዲዮው አልሠራም» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የሊኑክሱን ዓይነትና ቁጥር፣ የማጫወቻውን ቁጥር፣ የኮዴኩን መረጃ፣ የስህተቱን መልእክት። መልእክቱን ለማግኘት ኤምፒቪን ከተርሚናል አስነሱት፤ ቪኤልሲ ላይ ኮንትሮልና ኤምን ተጫኑ። መልእክቱን በራሳችሁ ቃል አትንገሩ፤ እንዳለ ገልብጡት። ቤት ኢንተርኔት ከሌላችሁ በዳውንታውን 14ኛ ጎዳና ያለው የኦክላንድ ዋና ቤተ መጻሕፍት ነፃ ኢንተርኔት አለው፤ ጥቅሎቹን እዚያ አውርዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ሶፍትዌሩ ነገም ይገኛል፤ ዲስኩ ግን አይጠብቅም። በቤት የሚቃጠል ዲስክ ዳታውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ያ ቀለም በሙቀትና በብርሃን እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ተራውን አታዛቡ። በመጀመሪያ ቅጂ የሌለውን ገልብጡ፤ ፊልሙና ዘፈኑ ይቆዩ። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለዘመድ ለመላክ የምትለውጡት ሌላ ቅጂውን ነው፤ ዋናውን አይኤስኦ አትንኩት። ዲስኩንም አትጣሉት፤ ዛሬ ያልተነበበው ክፍል በሌላ ማንበቢያ ሊነበብ ይችላል።